ከምድር ቤት የሚላክ ኢሜይል

አቶ ዘርጋው የተባሉ የመምሪያ ኃላፊ በምድር ቤት የሚሠሩት ሠራተኞች አቤቱታ ሰለቻቸውና የኢሜይል ሰርቨሩን የምታስተዳድረውን ባለሙያ አስጠሩ።

«ከምድር ቤት ኮምፒውተሮች የሚላክልኝን ሁሉ፣ ሳይደርሰኝ ሰርቨሩ ወደ ቆሻሻ ይጣለው!» አሏት። እሷም እንደታዘዘችው አደረገች።

ብዙም ሳይቆይ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ከምድር ቤት ግን አንድም «እንኳን ደስ ያለዎት» አልደረሳቸውም። ተቆጥተው አስጠሯት።

«ልከዋል ጌታዬ፤ በትእዛዝዎ መሠረት ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል።»

«እንግዲያው አቤቱታውን እየጣለ ሙገሳውን ብቻ ያሳልፍ! አለዚያ ትባረሪያለሽ!»

«ሰርቨሩ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደተላከ እንጂ ሙገሳ ይሁን አቤቱታ አይለይም» አለች። «ሙገሳ ብቻ መርጦ ማቅረብማ የምክትልዎ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ የሰው እንጀራ አልዘጋም።»