ከጉብታው ላይ የጮኸው ሰው

አንድ ገበሬ ነበረ። ቤቱ በቆላውና በደጋው መንደር መካከል፣ አንድ ጉብታ ላይ ነው። ከቆላ የሚጮኽ ሰው ድምፁ ደጋ አይደርስም፤ ስለዚህ እሳት ሲነሣ ወይም ጎርፍ ሰው ሲወስድ፣ ጉብታው ላይ ያለው ሰው ከታች የሰማውን ተቀብሎ ወደ ላይ ይጮኻል። አባቱም አያቱም ይህን ሲሠሩ ኖረዋል። ኡኡታ የሰማ ሁሉ ይሮጣል እንጂ እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ሰምቶ የቀረ ሰው ሲሞት ቀባሪ አያገኝም ይባል ነበር።

ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ ቁና ቁና አትተንፍስ። «በስልኬ የመጣልኝን ወሬ ለሌላው አስተላለፍኩ እንጂ ባለሱቁን እኔ አልገደልኩት፤ ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው?» ነው ያልከኝ። ስማ።

በቆላው መንደር የሁለት ሃይማኖት ሰዎች አብረው ይኖራሉ። በደጋው ያሉት ግን የገበሬው ሃይማኖት ሰዎች ብቻ ናቸው። የትኛው ሃይማኖት ነው ልትለኝ አፍህን ከፍተሃል። አልነግርህም። ብነግርህ ገና ከአሁኑ ግማሹን ጥፋት ይቅር ትላለህ።

በዚያ ዓመት አንድ ሹመት የሚፈልግ ሰው ከገበያ ገበያ እየዞረ ይናገር ጀመር። የፈጣሪን ስም ሳይጠራ አፉን አይከፍትም። «እነዚያ ሊያጠፏችሁ ነው፤ መጀመሪያ ጸሎት ቤታችሁን፣ ቀጥሎ እናንተን» ይላል። ገበሬው ጨው ሊገዛ በሄደ ቁጥር ይሰማዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ሰው በየሳምንቱ የሚሰማው ነገር በዓይኑ ያየው ያህል ይሆንበታል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቆላው ጸሎት ቤት ጠባቂ በጣሪያው ሣር ውስጥ የሰፈረ ንብ ለማስወጣት ሲያጤስ ሣሩ ተያያዘ። «እሳት! እሳት!» ብሎ ጮኸ። ጸሎት ቤቱ የገበሬው ወገኖች ቢሆንም ቀድመው የደረሱት በአቅራቢያው እህል ሲወቁ የነበሩ የሌላው ሃይማኖት ሰዎች ናቸው። መንሻቸውን እንደያዙ ጣሪያው ላይ ወጡና እሳቱ ያልደረሰበትን ሣር እየገፈፉ ይጥሉ ጀመር። ሣር ክዳን ሲቃጠል ሌላ መላ የለውም።

ገበሬው ጭሱን አየ፤ ጩኸቱንም ሰማ። የሰማው «እሳት» የሚል ብቻ ነው። ወደ ደጋው ዞሮ ግን «ጸሎት ቤታችንን እነዚያ አቃጠሉት!» ብሎ ጮኸ። ዋሸሁ ብሎ አላሰበም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱ ወደ እርሻው ተመለሰ።

«እሳት» ቢሰሙ ኖሮ የደጋ ሰዎች እንስራና እርጥብ ቅጠል ይዘው ይወርዱ ነበር። የወረዱት ግን ዱላና ገጀራ ይዘው ነው። በገበሬው ደጃፍ ሲያልፉ መረቁት። ከታች ሲደርሱ ምን አዩ? እነዚያ ሰዎች ጣሪያው ላይ ወጥተው በመንሽ ክዳኑን ሲያፈርሱ። ጠባቂው እጁን ዘርግቶ «ተዉ! የጠራኋቸው እኔ ነኝ! ቤቱን እያዳኑልን ነው!» እያለ ለመነ። «አንተ የተሸጥክ!» ብለው እጁን ሰበሩት። ጣሪያው ላይ የነበሩትን እያወረዱ ገደሏቸው። ሣሩን የሚገፍፍ ሰው ሲጠፋ እሳቱ ቤቱን ጨርሶ በላው። ስለ ጸሎት ቤቱ ብለው የመጡት ሰዎች ለጸሎት ቤቱ አንድ እንስራ ውሃ አላፈሰሱለትም። እየፎከሩ ወደ ደጋቸው ወጡ።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሎች ሁለቱን ወገን አስቀመጡ። ጠባቂው የተሰበረ እጁን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «እሳቱ የተነሣው ከእኔ ጭስ ነው» አለ። የደጋ ሰዎች «ውሸታም! አቃጠሉት የሚል ጥሪ ደርሶናል» አሉ። ያኔ ከሽማግሎቹ ታላቁ ወደ ገበሬው ዞሮ «ከታች የሰማኸው ምን ነበር?» አለው።

ልጄ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። በአንድ በኩል ባሎቻቸው የተገደሉባቸው ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። በሌላ በኩል የመረቁት ወገኖቹ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። «እሳት የሚል ብቻ ነው የሰማሁት» ቢል እነዚህ ሁሉ የደረሰላቸውን ሰው የገደሉ ይሆናሉ፤ እሱም በጥፋቱ ከሁሉም ይቀድማል። ጉሮሮውን ጠረገ። «የሰማሁትን ነው የጮኽኩት» አለና ተቀመጠ።

በቃ። ሽማግሎቹ ምን ያድርጉ? ጠባቂው በወገኖቹ ዘንድ ሐሰተኛ ተብሎ አገር ለቆ ሄደ። ያ የገበያ ተናጋሪ ተሾመ፤ አዲስ ጸሎት ቤት አሠርቶ በቆርቆሮ አስከደነና በምርቃቱ ቀን ገበሬውን «ሕዝቡን ያነቃ ጀግና» ብሎ ሸለመው። ዛሬም የዚያ አገር ልጆች «እነዚያ ቤታችንን አቃጠሉት» እየተባሉ ያድጋሉ። ገበሬውን መብረቅ አልመታውም። እህሉም አማረለት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አንተም «እጄን አላነሣሁም» ትለኛለህ። እሱም አላነሣም፤ ከጉብታው እንኳ አልወረደም። የመጣልህ ወሬ «ሱቅ ደጃፍ ላይ የተቀደደ ቅዱስ መጽሐፍ ተገኘ» የሚል ብቻ ነበር። «የቀደደው ባለሱቁ ነው፤ ሱቁም መናኸሪያው ፊት ነው» ብለህ የጨመርክበት አንተ ነህ፤ ወንድምህ አሳይቶኛል። ለሃይማኖትህ የቀናህ መስሎሃል፤ ገበሬውም እንደዚያው መስሎት ነበር። ባለሱቁን የገደሉት ታስረዋል። አንተን የሚያስርህ የለም፤ እኔ ዘንድ የመጣኸውም ንጹሕ ነህ እንድልህ ነው። አልልህም።

የሟች ሚስት ልጆቿን ይዛ ከተማውን ልትለቅ ዕቃዋን እየጫነች ነው፤ በየሄደችበት የመጽሐፍ ቀዳጅ ሚስት እየተባለች። ስልክህን አውጣ። ለእነዚያው ሰዎች ሁሉ «ባለሱቁ ሲቀድ አላየሁም፤ ከራሴ ጨምሬ ነው» ብለህ ጻፍላቸው። ወገኖችህ ይጠሉሃል፣ አውቃለሁ። ጻፍ። እስክትልከው ድረስ እኔ ከዚህ አልነሣም።