የድሬሰሩ ዶቅዶቄ

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ይህ ሰው አንዲት የድሮ የጀርመን ዶቅዶቄ ነበረችው። ዛሬ ሞተር ሳይክል የምትሉት ነው፤ የድሮ ሰው ግን ዶቅ ዶቅ ስለምትል ስሙን ከድምጿ አወጣላት። ቀድሞ የድሬሰር ላምቤቦ ነበረች። ድሬሰር ማለት የድሮ የጤና ረዳት ነው፤ እሳቸውም በእሷ በየገጠሩ እየዞሩ ሕፃናት ሲከትቡ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ጎተራ ሥር ወድቃ ዝገት ሲበላት፣ ልብስ ሰፊው ከልጆቻቸው ገዛት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎን በብሎን ፈትቶ ገጠማት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲወለውላት ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለእኔም አንድ ቀን ቅባት ግዛልኝ እንጂ» ትለዋለች። ታዲያ ማንንም አያፈናጥጥም። የኋላ ወንበሯን ላስቲክ አልብሶ፣ «ይህች ለዓይን ናት» ይላል። ወገኖቼ፣ ለዓይን ብቻ የተቀመጠ ዕቃ እናንተ ቤት የለም?

አንድ ጠዋት ድምጿን በሰፊው ልስማው ብሎ ወደ ገጠር ወጣ። ዶቅ ዶቅ ስትል ልቡ ጮቤ ይረግጣል። ጥቂት እንደ ሄደ አንዲት ሴት ከእንሰቱ መሃል ብቅ አለች። ሌላ ተከተለች። አንድ ሽማግሌም በምርኩዛቸው ወጡ። 'ምን አጠፋሁ?' አለ በልቡ። ልብ ብሎ ሲያይ፣ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን እጅጌ እየጠቀለሉ ነው።

እጅጌ ለምን እንደሚጠቀለል ገባችሁ? ለክትባት ነዋ።

ሞተሩን አጠፋና ቀድመው ለደረሱት አሮጊት፣ ለእማማ ዱባለች፣ «እናቴ፣ ድሬሰር ላምቤቦ እኮ ካረፉ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው» አላቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ያላወቀው እግሬ ነው። ይህችን ድምፅ ሰምቶ ቤት መቀመጥ አይሆንለትም።»

ሰውየው ሄልሜቱን አወለቀ። አሥራ አራት ዓመት አፈር ውስጥ የተኛ ሰው ዛሬም ሰውን ከቤቱ ያስወጣል? እሱስ በቁሙ፣ ድምፁን ሰምቶ ማን በር ከፍቶለት ያውቃል? ፈራ። ደስም አለው። ሁለቱ ተደበላለቁበት።

እማማ ዱባለች ወደ ምራታቸው ጠቆሙ። ያቀፈችው ሕፃን ከትናንት ጀምሮ ጡት አልያዘም፤ ገላው ይፋጃል። ጤና ጣቢያው በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

«አንተ ድሬሰር አይደለህም። ዶቅዶቄዋ ግን እሷው ናት» አሉት።

ላስቲኩን ቦጭቆ ጣለው። እናቲቱን ከነልጇ አፈናጥጦ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየለመነ ጤና ጣቢያ ደረሰ። ሐኪሙ ሕፃኑን ተቀብሎ፣ «እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ…» አለና ቀሪውን ዋጠው። ሕፃኑ ተረፈ።

ወገኖቼ፣ እነዚያ ድሬሰር ሐውልት የላቸውም። ስማቸው የተጻፈበት መንገድም የለም። የሰፈሩ ሰው እግር ግን ያውቃቸዋል። እውነቴን ነው፣ ይህ ነገር ያስደንቀኛል፤ ያስፈራኛልም። እኔ ድምፄ በማጉያ የሚሰማ ሰባኪ ነኝ፤ ማን ተስፋ አድርጎ ወደ እኔ እንደሚወጣ ግን አላውቅም።

እናንተስ? ስልካችሁ ሲደውል፣ ስማችሁ ሲጠራ፣ ሰው ምን ይሰማዋል? እግዚአብሔር ድምፅ ሰጥቷችኋል፤ በየቀኑ የሆነ ነገር እያስተማራችሁበት ነው።

አሁን ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ኮቴያችሁ ደጅ ላይ ይሰማል። እስኪ ቆም ብላችሁ አዳምጡ፤ ልጆቻችሁ የሚሮጡት ወደ በሩ ነው ወይስ ወደ ጓዳ?