ሁለቱ እርጥብ ዱካዎች

አንድ አያልነህ የሚባል የእህል ገበያ ተሸካሚ ነበር። አንድ ቀን ጆንያ በጀርባው አድርጎ ከጭነት መኪና ሲወርድ የተረማመደበት ሳንቃ ከዳውና ግራ እግሩ ከሥሩ ታጥፎ ወደቀ። እግሩ ሳምንት ሙሉ አብጦ ከረመ። እብጠቱ ሲጎድል ሕመሙ አልጎደለም። ሲቀመጥ ደህና ነው፣ ሲተኛም ደህና ነው። ጆንያ ሲሸከም ግን መሐል እግሩ የተሰነጠቀ ያህል ያመዋል።

የተሸካሚዎቹ ማኅበር ደንብ አለው። ታምሜያለሁ ያለ አባል የሐኪም ወረቀት ካመጣ ቦታው ይጠበቅለታል፤ ካላመጣ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጣል። የማኅበሩ አለቃ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ሰነፍ ግን አይወዱም። "እስከ ቅዳሜ ወረቀቱን አምጣ" አሉት። አያልነህ ከዚያ ቦታ ሌላ እንጀራ የለውም።

ሆስፒታል ሄደ። ራጅ የምታነሳው ሴት ሃያ ዓመት በዚያ ክፍል ሠርታለች። ሕመምተኛው ሁሉ "ሲስተር" ይላታል፤ ነርስ አይደለሁም ማለቱ ሰልችቷት ትታዋለች። አልጋ ላይ አስተኝታ አንዴ ከላይ፣ አንዴ እግሩን ወደ ውስጥ አዘንብላ፣ አንዴ ደግሞ በጎኑ አነሳችው። ሐኪሙ ምስሉን አዩት። ሃያ ስድስቱም የእግር አጥንት በየቦታው ተቀምጧል።

"እግርህ ደህና ነው" አሉት።

"ያመኛል እኮ፣ ዶክተር።"

"የቱ ጋ?"

አያልነህ የእግሩን ጀርባ ነካ ነካ አደረገ። በዚያ ሰዓት ተቀምጦ ነበርና ምንም አላመመውም። ራሱም ግራ ገባው።

ሚስቱ "እንግዲህ ደህና ነው ካሉህ ደህና ነው" አለችው፣ ፊቷን አዙራ። ጓደኞቹ ሲያነክስ እያዩ ይሳሳቁ ጀመር። በማግስቱ ጆንያ ተሸክሞ ሞከረና መንገድ ላይ ጣለው። ምስሉ ደህና ነህ ይለዋል፣ እግሩ አይደለሁም ይለዋል፤ ማንን ይመን? እያደር "የታመመው እግሬ ነው ወይስ እኔ ሥራ ጠልቼ ነው?" ብሎ ራሱን መጠርጠር ጀመረ። ከሰው ሐሜት ይልቅ ይህ አቃጠለው።

ዓርብ ዕለት ተመልሶ ሄደ። ሐኪሙ ትንሽ አሰቡና "ቆሞ ይነሳ" ብለው ጻፉ። አንዳንድ ጉዳት ሰውየው ሲተኛ ይደበቃል፤ አጥንቶቹን ያያያዘው ጅማት መላላቱ የሚታወቀው የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ነው።

አያልነህ ግቢው ውስጥ ባለው ቧንቧ እግሩን ሦስት ጊዜ ታጥቦ እርጥቡን ገባ። በገበያ አቧራ የሰው ዕቃ መርገጥ አሳፍሮት ነው። ራጅ አንሺዋ ሴትዮ ምስሉን የሚቀበለውን ጠፍጣፋ ጥቁር ሰሌዳ መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ግራ እግሩን ሰሌዳው ላይ፣ ቀኙን አጠገቡ ሲሚንቶው ላይ አድርጎ እንዲቆም ነገረችው። ግድግዳው ላይ "የመንግሥት ንብረት በጥንቃቄ ይያዝ" የሚል ተለጥፏል። ቆመ፣ ተነሳ፣ ወረደ። ምስሉ እንደ ፊተኛው ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

አሁን ግራ መጋባቱ ወደ እሷ ዞረ፤ እያነከሰ ሲገባ አይታዋለችና። ቀኙን በግራ ተክቼ ይሆን ብላ ምልክቱን አየች፤ አልተሳሳተችም። ማሽኑንም ጠረጠረች። ከዚያ ሰሌዳውን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ሁለቱን እርጥብ ዱካዎች አየቻቸው። ሲሚንቶው ላይ ያለው የቀኝ እግሩ ዱካ ከተረከዝ እስከ ጣት ሙሉ ነው። ሰሌዳው ላይ ግን ያለው የጣቶቹ ጫፍ ብቻ ነው።

"ወንድሜ፣ ቆመህ ነበር?"

"ቆሜ ነበር፣ ሲስተር።"

"በየትኛው እግርህ?"

አያልነህ አንገቱን ደፋ። "መስተዋት መሰለኝ። እኔ ከባድ ሰው ነኝ፤ ብሰብርባችሁስ? ደግሞ በዚህኛው ስረግጥ ያስጮኸኛል፤ እርስዎ ፊት መጮህ አፈርኩ።"

ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ ሰሌዳው ላይ ወጣችበት። "ሰማንያ ኪሎ ነኝ፤ ይኸው አልተሰበረም። የተሠራው ሊረገጥ ነው። ጆንያ እንደተሸከምክ ሆነህ እርገጠው። ከጮህክም ጩህ።"

ረገጠው። "እህ" የሚል ድምፅ ሳይፈልግ አመለጠው። ምስሉ ሲወጣ በአውራ ጣቱና በቀጣዩ ጣት አጥንት ሥር፣ በሁለቱ መሐል፣ የስንዴ ፍሬ የሚያስገባ ክፍተት ታየ።

ሐኪሙ መጥተው ምስሉን ከፊተኛው ጋር አስተያዩት። "ጅማቱ ተበጥሷል። ይህ እግር እስኪታከም ሸክም አይችልም" አሉ። አያልነህ ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። ተጎድተሃል ተብሎ የሚስቅ ሰው አይተው ስለማያውቁ ሐኪሙ ግራ ገባቸው።

"ታዲያ አልዋሸሁማ?" አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

"አልዋሸህም" አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ወረቀቱን ጽፈው ማኅተም አደረጉበት፤ ቅዳሜ ጠዋት ቦታው ተጠበቀለት።

እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነበር። ማሽኑ አልዋሸም፤ ፊቱ የቀረበለትን አሳየ። ሐኪሙም ያዩትን ተናገሩ። ሰውየውም አላታለለም። ሁሉንም ሊያሳስት የነበረው ይሉኝታ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ብዙዎቻችን ግን የምንደብቀው ለተንኮል ሳይሆን ሰው ላይ ላለመክበድ ብለን ነው። ሊረዳን የመጣ ሰው ፊት በጣታችን ጫፍ ቆመን እናልፍና፣ ሕመሜን የሚያይልኝ ጠፋ ብለን እናዝናለን። ጠያቂውም ቢሆን አረፍ ባለበት ሰዓት ያገኘውን ሰው ደህና ነው ብሎ ይሄዳል፤ ከሸክሙ ሥር አላየውም።

እስቲ ዛሬ "እንዴት ነህ?" ስትሉት "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ የመለሰላችሁን ሰው አስቡት። በየትኛው እግሩ ቆሞ ነበር?