የነጋዴ ወንበር

በአዲሱ ገበያ የሱቅ ዕጣ በሚወጣበት ዕለት አንዲት በርበሬ ሻጭ ቀድማ መጥታ ከፊት ተቀመጠች። ሰብሳቢው አቶ ሽብሩ ከወንበራቸው ሳይነሱ በመነጽራቸው ላይ አዩዋት።

«ሴትዮ፣ ይሄ የነጋዴ ወንበር ነው። ሴቶች ከኋላ ነው የሚቀመጡት፤ ዕጣም አያወጡም።»

«ነጋዴ ማለት ምን ማለት ነው ጌታዬ?»

አቶ ሽብሩ ደረታቸውን ነፉ። «ጎህ ሳይቀድ ሱቁን የሚከፍት፣ ሚዛን ይዞ የሚውል፣ ደንበኛውን በስም የሚያውቅ ነዋ!»

አዳራሹ አጨበጨበ። በርበሬ ሻጯ ግን ወደ ኋላ ዞረች። አቶ ሽብሩ ካርታ ሲጫወቱ ሲውሉ ሱቁን ከፍተው የሚዘጉት ሚስታቸው እዚያ ጥግ ተቀምጠዋል።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ምነው እዚያ ተቀመጡ? ወደ ፊት ይምጡ እንጂ! ወንበርዎ ላይ ባልዎ ተቀምጠውበታል።»