ስድብ የሚነፋው ወንፊት

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን» በሉኛ! እንግዲያው ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ አፍ አውጥተው በሚያወሩበት ጊዜ፣ እመት ሸረሪት በአንድ ሰፊ ሸለቆ ላይ ድር ዘረጋች። በወዲህ ማዶ ድሩን ነካ አድርጎ የተናገረ፣ ቃሉ በወዲያ ማዶ ይሰማል። እንስሳቱ ደስ አላቸው። «ዝናብ መጣ» ይባባላሉ፤ «ሣሩ በቅሏል» ይባባላሉ።

አያ ዝንጀሮ ግን ሥራው ስድብ ሆነ፤ የእንስሳቱን ስም መስደቢያ አደረገው። ጠዋት «አንቺ አህያ!» ይላል። ቀትር ላይ «አንተ ውሻ!» ይላል። ማታ «እናንተ ጅቦች!» ይላል። የእመት ፍየል ግልገሎች ስድቡን ተማሩት፤ እሷም እያለቀሰች ለሸረሪት አቤት አለች።

ሸረሪት ወንፊትን ጠርታ በድሩ መካከል ሰቀለችው። «አህያ፣ ውሻ፣ ጅብ የሚል ቃል ሲመጣ ያዝ፤ ሌላውን አሳልፍ» አለችው።

«እሺ እመቤቴ» አለ ወንፊት።

በመጀመሪያው ቀን ውሻ «እኔ ውሻ ነኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?» አለ። ወንፊት ስሙን ያዘበት። ማዶ ያሉት «እኔ ነኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?» የሚል ብቻ ሰምተው «አንተ ማነህ?» እያሉ ሳቁበት። ውሻም አፍሮ ከድሩ ራቀ።

በሁለተኛው ቀን ዝንጀሮ ስድቡን ቆራረጠው። «አንቺ አ! ህ! ያ!» አለ። ወንፊት «እንዲህ ያለ ቃል ያዝ አልተባልኩም» ብሎ አሳለፈው። እመት አህያ ሰማችና አንገቷን ደፋች።

በሦስተኛው ቀን አህያ በወዲህ ማዶ ሣር ስትግጥ አያ ጅቦ በወዲያ ማዶ ጎንበስ ብሎ ወደ ፍየል በረት ሲያመራ አየችው። ሮጣ ድሩን ነካች።

«እመት ፍየል፣ ጅብ መጣ!»

ወንፊት «ጅብ» የሚለውን ያዘ። ለፍየል የደረሳት «እመት ፍየል፣ መጣ!» ብቻ ነው።

«ማን ይሆን የመጣው? እንግዳ ነው መሰል» ብላ በሩን ከፈተች።

አህያ በሩ ሲከፈት ባየች ጊዜ ድሩን ትታ በእግሯ ከነፈች። ስትደርስ ጅቦ ትንሿን ግልገል በጆሮዋ ይዞ ይጎትታል። አንዴ ረገጠችው፤ አልለቀቀም። ሁለቴ ረገጠችው፤ አልለቀቀም። ሦስተኛው ርግጫ መንጋጋውን አገኘውና ግልገሏን ለቆ እየጮኸ ሸሸ። ግልገሏ ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን ተቀደደ።

አህያ ወደ ወንፊት ሄደች።

«ጅብ ብዬ ስጣራ ለምን ያዝክብኝ?»

«ያዝ የተባልኩትን ያዝኩ።»

«ዝንጀሮ ሲሰድበኝስ?»

«ቃሉን አላወቅሁትም።»

«እኔ ግን አወቅሁት፤ አመመኝ» አለች አህያ።

ወንፊትም «ለካ ቃሉን እንጂ ነገሩን አልሰማም ነበር» አለ።

ሸረሪትም «ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም፤ ያዘዝኩህ እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ማን እንደተናገረ፣ ለማን እንደተናገረ፣ ምን ብሎ እንደተናገረ አስተውል። ግራ ሲገባህ እኔን ጠይቀኝ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ውሻ በስሙ ሰላምታ ላከ፤ አለፈለት። ዝንጀሮ ስድቡን ቢቆራርጠው ተያዘ፤ ቢገለብጠውም ተያዘ። ፍየልም ግልገሏን አስከትላ አህያ ደጅ ሄደች፤ «ድሩ ቃልሽን ሲያስቀረው እግርሽ ደረሰልኝ» ብላ አመሰገነቻት።

ይኸውላችሁ፣ ቃል ብቻ የሚሰማ ዘበኛ ወዳጅን ከልክሎ ጠላትን ያስገባል።