አስታራቂው የቀረ ዕለት

ለመጪው ትውልድ ይታወቅ ዘንድ፦ በዋርካ ሜዳ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ጠፍቶ እንደገና በራ።

ነገሩ ይኸው ነው። ሆኖም ዛሬ በከተማው ሰው ሁሉ የሚተርታት አንዲት ተረት የተወለደችው ከዚያ ማክሰኞ ነው። የሚተርቷት አብዛኞቹ ከቅድመ አያት የወረደች ትመስላቸዋለች። የሚያውቁትም አያርሟቸውም፤ ተረት ዕድሜ ሲጨመርለት አይቀየምም።

ኮምፒውተሩን አጥፍታ ያበራችው ብርዛፍ ነበረች፤ ጤና ጣቢያው በኮንትራት የቀጠራት ፕሮግራመር። ሥራዋ የታካሚዎቹን ስምና የካርድ ቁጥር ከአሮጌው ዳታቤዝ ወደ አዲሱ ማዛወር ነው። አሮጌው ዘገምተኛ ነበር፤ ስም ተጠይቆ እስኪመልስ ታካሚው ይድናል እየተባለ ይቀለድበታል። አዲሱ ግን መብረቅ ነው። ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ ዓምዴ በስብሰባ ላይ ቆመው፣ "ከአሮጌው አንዲት ነገር ሳትጎድል ሁሉም ተዛውሯል" ብለው አስጨብጭበዋል። ብርዛፍም ሥራው ካማረ በቋሚነት እንደምትቀጠር፣ ካላማረ ዕቃዋን እንደምትሸክፍ ተነግሯታል። አርብ ከዞን እንግዶች መጥተው ያያሉ።

መጀመሪያ የመጣችው ታካሚ ዓለምፀሐይ ትባላለች። የካርድ ክፍሏ እትዬ ዘርትሁን ስሟን ጻፉ። አዲሱ ዳታቤዝ ዐይን ሳይጨፈን "የለም" ብሎ መለሰ።

"እንዴት የለሁም? ቆሜ እያዩኝ!"

"እኔማ አየሁሽ፤ እሱ ነው ያላየሽ" አሉ እትዬ ዘርትሁን። "ብርዛፍ! ነይማ፣ ይኼ መብረቅሽ ሰው ካደ።"

ብርዛፍ ፈልጋ ፈልጋ ስታገኛት፣ ሴትዮዋ "አለምጸሃይ" ተብላ ነው የተመዘገበችው። እትዬ ዘርትሁን የጻፉት "ዓለምፀሐይ" ነው። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን ተያይተው አያውቁም። አሮጌው ይህን ጉድ እንዴት ይወጣው ነበር? ሆዱን ከፍታ ብታይ፣ ሲሠራ ጀምሮ አብሮት የተፈጠረ አንድ ፈንክሽን፣ አንዲት ትንሽ የፕሮግራም ቁራጭ፣ አገኘች። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ቢመጡበት፣ "ሦስታችሁም የአንድ እናት ልጆች ናችሁ" ብሎ የሚያስታርቅ፤ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ እንዲሁ። ሲያስታርቅ የኖረው ድምፁን ሳያሰማ ስለነበር፣ መኖሩን ያወቀ አልነበረም። አዲሱ ይህ የለውም።

ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

"አቶ ልሳነወርቅ፣ አሮጌው ላይ የነበረ አንድ ፈንክሽን አዲሱ ላይ የለም። እኔው ልጽፈው እችላለሁ፤ ለሐሙስ ይደርሳል።"

"ቀስ በይ!" አሉ በሩን እየዘጉ። "የለም አትበይ። ጎደለ ከተባለ እኔ የተጨበጨበልኝ ለምንድን ነው?"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"ምንም። የስሞቹን ፊደል ሁሉ ወደ አንድ ወገን አምጪው። ሰ ካልሽ ሰ ነው፣ ሀ ካልሽ ሀ ነው። አለቀ።"

ብርዛፍ ልቧ አልወደደውም፤ ግን ኮንትራት ላይ ያለ ሰው ምላሱ አጭር ነው። የስሞቹን ቅጂ ለክፉ ቀን አስቀምጣ ዋናውን ደፈጠጠችው። ሠ ሁሉ ሰ፣ ፀ ሁሉ ጸ ሆነ። እትዬ ዘርትሁንም ከእንግዲህ በእሳቱ ሰ ብቻ እንዲጽፉ ታዘዙ።

በማግስቱ ጉልበታቸውን ሊታዩ የመጡት መሪጌታ ሠረቀብርሃን፣ አዲስ የታተመ ካርድ ተሰጣቸው። አነበቡት። ራቅ አድርገው ደግሞ አነበቡት።

"በእሳቱ ሰ?"

"ምን አለበት መሪጌታ፣ ያው ነው" አሉ እትዬ ዘርትሁን።

"ያው! በንጉሡ ሠ ሲሆን 'ብርሃን ወጣ' ማለት ነው። በእሳቱ ሲሆን ሌባ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ብርሃን ሆኜ ኖሬ፣ ለጉልበቴ ብመጣ ወንበዴ አድርጋችሁ ትሰዱኛላችሁ? የማንን ብርሃን ነው የሰረቅኩት?"

ከሰልፉ አንዱ፣ "ሰሞኑን መብራት የሚጠፋው ለካ በእርስዎ ነው!" አለ።

ሰልፉ ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም። ብርዛፍ እጅ ነሥታ ይቅርታ ጠየቀችና፣ ካስቀመጠችው ቅጂ ስሞቹን ሁሉ ወደነበሩበት መለሰች።

አቶ ልሳነወርቅ ግን ዘዴ የሚነጥፍባቸው ሰው አይደሉም። በሩ ላይ ማስታወቂያ አስለጠፉ፦ "ስሙን በትክክለኛው ፊደል የማያስጽፍ ታካሚ አይስተናገድም።"

"ትክክለኛው የቱ ነው?" አለች ልጅ ያዘለች ሴት።

"ካርድሽ ላይ ያለው" አሉ እትዬ ዘርትሁን።

"ካርዴ ላይ ያለው የቱ ነው?"

"እሱን ለማወቅ ካርድሽ መገኘት አለበት።"

"ካርዴ በምን ይገኛል?"

"በትክክለኛው ፊደል።"

እትዬ ዘርትሁንም ቁልፉ እንደተምታታበት ሰው ፊደሉን ሁሉ አንድ በአንድ ሲሞክሩ ዋሉ። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ፣ አጥሩን ዞሮ ባጃጅ ተራ ደረሰ።

ብርዛፍ ይህን እያየች ፈንክሽኑን ጻፈችው። ስሞቹን አልነካችም። ለእያንዳንዱ ስም በስተጀርባው ፊደሉ የተስተካከለ ጥላ ሠራችለት። ሰው ሲፈለግ ጥላ ከጥላ ይተያያል፤ ስሙ ግን ባለቤቱ እንደወደደው ይቀመጣል። ሐሙስ ማታ ላይ ለአቶ ልሳነወርቅ ነገረቻቸው።

"አልቋል። ልክፈተው?"

"እንግዶቹ ሳይሄዱማ እንዳትነኪው! ተጨመረ ካሉ፣ ጎድሎ ነበር ይላሉ። ቅዳሜ ትከፍችዋለሽ።"

"ነገ ቢሳሳትብንስ?"

"ከተሳሳተ ቅዳሜ አንቺ የለሽም።"

አርብ የዞኑ እንግዶች ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ሠራተኛውም፣ ሕዝቡን ወክለው የተጋበዙት መሪጌታም አሉ። አቶ ልሳነወርቅ ንግግር አደረጉ።

"ችግሩ የማሽኑ አይደለም፤ የኅብረተሰባችን ነው። የገዛ ስሙን መጻፍ የማያውቅ ሰው፣ ማሽን ምን ያድርግለት?"

"እውነት ነው" አሉ የእንግዶቹ አለቃ፣ አንዲት እርጋታ ያላቸው ሴት። "እስቲ በራስዎ ስም ያሳዩን።"

አቶ ልሳነወርቅ እጅጌያቸውን ሰብስበው ስማቸውን ጻፉ። "የለም" አለ። ሳውን በንጉሡ ሣ ለወጡት። "የለም።" የአባታቸውን ዓ በአልፋው አ ለውጠው፣ ሳውን ወደ ቀድሞው መለሱ። "የለም።" ፍጥነቱ እውነትም የመብረቅ ነው።

"ምናልባት እዚህ ታክመው አያውቁ ይሆናል" አሉ ሴትየዋ ሊያግዟቸው።

"ኧረ ባለፈው ሰሞን ለጨጓራቸው ታክመዋል!" አሉ እትዬ ዘርትሁን ለመተባበር። "ስማቸውንም ራሳቸው ናቸው የጻፉት።"

ከዚያ ነርሷ የራሷን ሞከረች። "የለም።" ዘበኛው ሞከረ። "የለም።" ማሽኑ ጤና ጣቢያውን አንድ በአንድ ካደው። አቶ ልሳነወርቅ ላባቸውን ጠረጉና ወደ መሪጌታ ዞሩ።

"የፊደል ሊቅ አጠገባችን እያሉ! መሪጌታ፣ እርስዎ ያሳዩዋቸው።"

መሪጌታ የኮምፒውተሩን የፊደል ገበታ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

"መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው የመጣሁት" አሉ።

መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነበር።

አቶ ልሳነወርቅ ወደ ብርዛፍ ጠጋ ብለው፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ "ያችን ነገር" አሉ።

"የቷን?"

"ያችን... ያልጎደለችውን።"

ብርዛፍ አንዲት ቁልፍ ተጫነች። "ልሣነወርቅ አምዴ፣ ጨጓራ" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ነርሷም ወጣች፣ ዘበኛውም ወጣ፤ ሁሉም ራሱን አገኘ።

"ይህን የሠራችው ልጅ ማን ናት?" አሉ ሴትየዋ።

"ቋሚ ሠራተኛችን ናት" አሉ አቶ ልሳነወርቅ። ቋሚ መሆኗን ብርዛፍም የሰማችው ያኔ ነው።

መሪጌታ ሠረቀብርሃን ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠውን፣ አስታራቂው ሳይታወቅ ሲያገለግል የኖረበትን አሮጌ ኮምፒውተር መታ መታ አደረጉትና፣ ማንንም ሳያዩ ራሳቸውንም ሳይምሩ እንዲህ ብለው ተረቱ፦ "በጎረቤት ወፍጮ የኖረ፣ ቤት ሲለቅ ጥሬ ይቆረጥማል።"