ባለትንሽ ሞተሯ መኪናና የአፋፍ ገበያ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ «ከእንግዲህ ጅብ አህያን እንዳይበላ» ብሎ ባወጀበት፣ ጅብም አዋጁን ሳይወድ በግዱ በተቀበለበት ዘመን፣ የዱሩም የቤቱም እንስሳ በአንድ ገበያ ይገበያይ ነበር። ገበያው ከገደል አፋፍ ላይ ስለነበረ ስሙንም አፋፍ አሉት። እዚያ ለመድረስ ትንፋሽ ቁረጥ የተባለውን ዳገት ዘጠኝ ጊዜ እየተጠማዘዙ መውጣት ግድ ነው።

በዚህ ዳገት ላይ አህያ ጨው ታመላልስ ነበር። ከቆላ ታመጣለች፣ አፋፍ ትሸጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ በጀርባዋ ስትሸከም ኖራ በመጨረሻ ጀርባዋ ቆሰለ፤ ቁስሉም አልድን አለ። ሐኪሙ ጉሬዛ መረመራትና፣ «እመት አህያ፣ አልደብቅሽም» አላት። «አንድ ክረምት በጀርባሽ ከተሸከምሽ ሁለተኛውን አታዪውም።»

አህያ ያን ቀን ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ዋለች። በማግስቱ ግን ተነሥታ መኪና ሻጩ ቀበሮ ዘንድ ሄደች። ቀበሮ መኪኖቹን ከአፋፍ ገበያ መግቢያ ላይ ደርድሮ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ አቧራቸውን ያራግፋል። ሁሉም ትልልቅ ናቸው። የአንዱን ሞተር ሲያስነሣው በሬዎች ከሩቅ ዞር ብለው ያያሉ።

«ይህችኛዋ ከቆላ አፋፍ ደርሳ ስትመለስ ምን ያህል ነዳጅ ትጠጣለች?» አለች አህያ።

«እንደ አነዳድሽ ነው እንጂ፣ ጥቂት ነው» አለ ቀበሮ። «አንድ በርሜል ብትይዢ ይበቃሻል።»

«በርሜል! ታዲያ ጨው የምነግደው ለእሷ ነዳጅ ላጠጣ ነው?» አለች አህያ። «ቆላ ገበያ ላይ ባለትንሽ ሞተር መኪና አይቻለሁ። እንደ ወፍ ቀመስ ታደርግና ውላ ትገባለች። ለእኔ የምትሆነኝ እሷ ናት። እዚህ ለምን አትሸጣትም?»

ቀበሮ ሽቅብ ተራራውን አየ፣ ቁልቁል ገደሉን አየ፣ አህያዋን ግን አላየም።

«ተራራው አይወዳትም» አለ። «አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሯ ይታፈናል።»

«ሞክረሃታል?»

«ተራራ አይሞከርም፣ እመት አህያ፤ ይከበራል እንጂ።»

ሌላው ቢሆን ይህን ሰምቶ ይመለስ ነበር። አህያ ግን አንዴ ጆሮዋን ካቆመች የሚመልሳት የለም። ከዚያው በቀጥታ አንበሳ ችሎት ሄዳ አቤት አለች።

አንበሳ ከሾላው ሥር ተጋድሞ አቤቱታዋን ሰማና፣ «ይህችን መኪና የሚያውቃት ማነው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ!» ብሎ ጅብ ከኋላ እየገፋ ወጣ። «ጌታዬ፣ አንዷን ከቆላ ገዝቼ ነበር። ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ ሞተችብኝ። ምን የመሰለች ልምሾ መሰለችዎ!»

«ምን ጭነህባት ነበር?»

«ምንም! እኔና ዘጠኝ ዘመዶቼ ብቻ ነን የተሳፈርነው።» ጅብ ትንሽ አሰበ። «አዎ፣ አንድ ጎሽም ነበር። ግን እሱ ሞቷል፤ የሞተ ደግሞ አይከብድም።»

ችሎቱ ውስጥ የሳቀ አልነበረም፤ የጅብን ጥርስ ፊት ለፊት እያዩ መሳቅ ይከብዳል። አንበሳ ጋማውን አራገፈና ብያኔውን ሰጠ።

«ለቅዳሜ አንዷን ከቆላ አምጡና አህያ ጨዋን ጭና ትንዳት። አፋፍ ከደረሰች ቀበሮ ለጠየቀው ሁሉ ይሸጣል። ካልደረሰች ግን ይህ ነገር ዳግመኛ ጆሮዬ እንዳይገባ።»

አህያ ከደስታዋ ብዛት አናፋች። ቀበሮ ግን አልተከራከረም። ቀበሮ ሳይከራከር ሲቀር ነገር እንዳለ ማወቅ ነበረባት፤ አላወቀችም።

ቅዳሜ ጧት ከዳገቱ ግርጌ ቀበሮ ቁልፉን አስረከባት። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ ከኋላ ጨው የምትጭንበት፣ ከፊት የምትቀመጥበት አላት። «ከአንቺና ከጨውሽ በተጨማሪ ሁለት ነፍስ ትችላለች» አላት። ከዚያ በላይ አንድም ቃል አልጨመረም።

አህያ ሞተሩን አስነሣች። የመጀመሪያው መጠምዘዣ ላይ መኪናዋ ትንሽ አጉረመረመችና ወጣች። አየሩም አላፈናት፣ ተራራውም አልጠላት። አህያ ጀርባዋ ላይ ምንም ሳይኖር ያንን ዳገት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ።

አሁን ስለ አፋፍ አገር አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚያ አገር ዳገት የሚወጣ መኪና መንገደኛን ጥሎ አይሄድም። ጥሎ የሄደ በሠርጉ አጫፋሪ፣ በለቅሶው አስተዛዛኝ ያጣል ይላሉ። መልካም ወግ ነው፤ ብዙ አቅመ ደካማ በዚህ ወግ ቤቱ ገብቷል። ብቻ ወጉ ሲወጣ መኪና አልነበረም፤ መኪና ሲመጣም ወጉን እንደገና ያየው የለም።

ሁለተኛው መጠምዘዣ ላይ ፍየል ሁለት ግልገሎቿን ይዛ ቆማለች።

«እመት አህያ፣ እንደምን አደርሽ! እኔ እንኳ እንደምታዪኝ ቀላል ነኝ። እነዚህ ደግሞ ገና ጡት ያልጣሉ ናቸው፤ እንደ ነፍስ አይቆጠሩም።»

«ግቡ» አለች አህያ።

አራተኛው ላይ ጃርት አንድ ጆንያ ድንች ይዞ ይጠብቃል። «ቦታ የለም» ልትለው አፏን ስትከፍት፣ ፍየል ከውስጥ ቀደመቻት። «ጠጋ ጠጋ እንላለን፤ ግባ!» ጃርት ገባ። ወዲያው ፍየል «እሾህህን ሰብስብ እንጂ!» ብላ ጮኸች።

ስድስተኛው ላይ ዝንጀሮ ከነቤተሰቡ ነጠላ አዘቅዝቆ ተቀምጧል። «ለቅሶ ነው» አለ በሰለለ ድምፅ። «የአጎቴ ልጅ ከገደል ወድቆ ነው። ለቅሶ ደራሽ ይታለፋል፣ እመት አህያ?»

ለቅሶ ደራሽ አይታለፍም። ዝንጀሮና ሚስቱ ገቡ፤ አራት ልጆቻቸው ጨው ላይ ወጡ።

ሞተሩ ድምፁን ቀየረ። አህያ ያን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ከራሷ ደረት ሲወጣ ስንት ዓመት ሰምታዋለች። «ይበቃል» የሚለው ቃል ጥርሷ ድረስ መጣ። ግን «መኪናዋ ገና የራሷ ሳትሆን ኮራች ቢሉኝስ?» ብላ አሰበችና መልሳ ዋጠችው።

ሰባተኛው መጠምዘዣ ላይ ማን ቆሞ ቢሆን ጥሩ ነው? ጅብ! በጀርባው አንድ ጆንያ አጥንት አዝሏል።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ደግሞ ወዴት ነህ?»

«ወደ ችሎት ነዋ!» አለ ጅብ። «መኪናዋ ዳገቱን እንደማትወጣ ልመሰክር ነው። ብዘገይ ጌታችን ይቆጣሉ፤ ቶሎ አድርሽኝ።»

«ዳገቱን ካልወጣች እንዴት አደርስሃለሁ?»

ጅብ ይህን ለማሰብ ሞከረና ደከመው። «እሱን ችሎት ላይ እንነጋገራለን» ብሎ መኪናዋ ላይ ወጣ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳው ሰው ሎሚውን እንደያዘ አንዱ ትከሻ ላይ ሲወጣ ግን ምን እንደሚባል እኔም አላውቅም።

ስምንተኛው መጠምዘዣ ጋ ሲደርሱ የሞተሩ ውኃ ፈላ። ከሞተሩ ነጭ ጭስ ወጣ፤ መኪናዋም ወደፊት መሄዷን ትታ መንቀጥቀጥ ጀመረች።

«ውረዱልኝ!» አለች አህያ። «እባካችሁ፣ ጥቂቶቻችሁ ብትወርዱልኝ ትወጣለች!»

«እውነቷን ነው፤ ጃርት ይውረድ» አለች ፍየል። «ድንቹ ይከብዳል።»

«እኔ አንድ ነኝ» አለ ጃርት። «ዝንጀሮዎቹ ስድስት ናቸው።»

«ለቅሶ ደራሽ ውረድ ይባላል?» አለ ዝንጀሮ። «ይልቅ አያ ጅቦ...» አለና የጅብን ጥርስ አይቶ ቀሪውን ተወው።

«የእኔ አጥንት ሥጋ እንኳ የለውም» አለ ጅብ።

እነሱ ሲከራከሩ ከሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ጓ! አለ። ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። በመጀመሪያ የዘለለው ጅብ ነው። የቀሩትም እየተጋፉ ወረዱ፤ መኪናዋ ከጥጉ ድንጋይ ጋር ተላትማ ቆመች።

ከላይ ሆኖ ሲጠብቅ የነበረው አንበሳ ጩኸቱን ሰምቶ ወረደ፤ በአቋራጭ ቀድሞ የወጣው ቀበሮም ተከተለው።

«አላልኩም? ልምሾ ናት!» አለ ጅብ፣ ልክ በመሆኑ እየተደሰተ።

«ለነገሩ ሞተሯ ትንሽ ነው» አለች ፍየል። ሌሎቹም «ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ያልከው ደረሰ። ተራራው ገደላት።»

ቀበሮ ብልጥ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይዋሻል፤ ያን ቀን ግን የተቃጠለችውን መኪና ሲያይ መዋሸቱ ሰለቸው መሰለኝ።

«ጌታዬ፣ ተራራው ንጹሕ ነው» አለ። «ይህችው መኪና ከዚህ የባሰ ተራራ ባለበት አገር ስትወጣ ስትወርድ ትውላለች። እዚያ ሁለት የተባለ ሁለት ይጭናል። እዚህ የማልሸጣት ግን ገዢው በሁለተኛው ሳምንት አቃጥሎ መጥቶ 'አታለልከኝ' ስለሚለኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን በተራራው አሳበብህ?»

«ገዢን 'ጥፋቱ ያንተ አመል ነው' ብዬ ምን ልሸጥለት ነው? ተራራውን ባማው የሚቀየመኝ የለም። እነዚህን ትልልቆቹን የሚገዙኝ ለዳገቱ ብለው ይመስልዎታል? ይሉኝታቸውን የሚሸከም ሞተር ነው የሚገዙኝ። በየወሩ ነዳጅ እያጠጡ ይራባሉ፤ ቢሆንም 'ቦታ የለም' ከማለት መራቡ ይቀላቸዋል።»

አንበሳም «ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ እንድትሸጣት ባዝህስ?» አለው።

«ካዘዙኝ አመጣለሁ። 'ይበቃል' የሚለውን ቃል ግን ከየት አምጥቼ አብሬ ልሽጥላቸው?»

አንበሳ ይፈርዳል፣ ያውጃል፣ ጅብን እንኳ አህያ እንዳይበላ ከልክሏል፤ በሌላው አፍ ግን እምቢ ሊል አይችልም።

ይህን ጊዜ አህያ፣ «ጌታዬ፣ የገደልኳት እኔ ነኝ» አለች። «ሌላው ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። ስታጓራ ሰምቻለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ከሸክሜ በታች ሆኜ አንድ ሰው 'በቃት' ቢልልኝ ስል ኖሬያለሁ፤ ለእሷ ግን አላልኩላትም።»

«ሌላ ቢሰጥሽ መንገደኛውን አልፈሽ ትሄጃለሽ?» አላት አንበሳ።

አህያ ፍየልን አየቻት፤ ግልገሎቹንም አየቻቸው። መዋሸት አልሆነላትም። «እንጃ፣ ጌታዬ» አለች።

ጨውን ከመኪናዋ አውርዳ በቆሰለው ጀርባዋ ላይ ጫነችና የቀረውን ዳገት በእግሯ ተያያዘችው። ሌሎቹም ከኋላዋ ተከተሉ። ጥቂት እንደሄዱ ፍየል ጠጋ አለቻትና በትሕትና እንዲህ አለች፤

«እመት አህያ፣ አንቺ መቼም ለምደሽዋል። ይህችን ጥቅሌን ከጨውሽ ላይ ጣል ላድርጋት? ምንም አትከብድም።»

አህያ ቆመች። ጥቅሏ እውነትም ትንሽ ነበረች። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተኙ፤ ከሸክሙ ይልቅ ቃሉ ከበዳት።

«አይሆንም» አለች።

ጃርት እሾሁ ቆመ። ፍየል እንደ ተሰደበች ሁሉ አገጯን አንሥታ፣ «አየሽ አንቺ! እንዲህ ነሽ ለካ!» አለችና ግልገሎቿን እየነዳች አልፋት ሄደች። አህያ አፈረች፤ ልቧም ክፉኛ አዘነ። ጥቅሏን ግን አልተቀበለችም።

ከኋላ የሚመጣው ቀበሮ ይህን ሲያይ ጅራቱን ማወዛወዙን ተወ። ፈጠን ብሎ አጠገቧ ደረሰና፣ ሌላው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እመት አህያ፣ ለሚመጣው ቅዳሜ ከቆላ አንዷን አመጣለሁ» አላት። «አንዷን ብቻ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ትንሽ ነገር ከእኛ ዘንድ አልበረክት ሲል ትንሽነቱን ከማማታችን በፊት፣ ደግነታችንም ይሁን ስስታችን «ይበቃል» ማለት የሚችል አንደበት ያለው መሆኑን መመርመር እንዳለብን ነው።